እድገትና እርጅና፦ ያለ ጊዜው ከሚያረጀውና ከማያድገው ሕፃን የተገኘ ትምህርት

መግቢያ

እርጅናን ለማስቆም ያለው ምኞት በአገራችን የጽሑፍ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። በግእዝ የተጻፈው «ዜና እስክንድር» የመቄዶንያው ንጉሥ የሕይወትን ውሃ ለመፈለግ ወደ ጨለማው ምድር መጓዙን ይተርካል። ውሃውን ያገኘው ግን ንጉሡ ሳይሆን ከተከታዮቹ አንዱ ነው፤ ይኸውም የደረቀ ዓሣ በምንጩ ሲያጥብ ዓሣው ነፍስ ዘርቶ ሲያመልጥ አይቶ ነው። ይህ ሰው በእስልምና ትውፊት ኸድር ተብሎ የሚታወቀውና እስከ ዛሬ በሕይወት አለ የሚባለው ነው። ስለዚህ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ በሚገናኝበት በይፋት ቆላ፣ የሕይወት ውሃ ወሬ ለሁለቱም ወገን ባዕድ አይደለም።

የዘመናችን ሳይንስም ይህንኑ ፍለጋ ይዟል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ስለ እርጅና ምንነት ከተገኙት ዕውቀቶች ብዙዎቹ የመጡት ዕድሜያቸው ከረዘመ አዛውንት ሳይሆን፣ እድገታቸው ከተለመደው ሥርዓት ከወጣ ጥቂት ሕፃናት ነው። በዚህ ጽሑፍ ከእነዚህ የእድገት ሁኔታዎች ሦስቱን እንገልጻለን፤ ቀጥለንም ለተወለድንበት ለቀወት ወረዳ፣ ማለት ለሸዋ ሮቢትና ለአካባቢዋ፣ ነገሩ ምን ትርጉም እንዳለው እንመረምራለን። አስተያየታችን በአጭሩ ይህ ነው፦ የእድገትም ሆነ የእርጅና ሳይንስ የሚቆመው በሁለት ተራ ነገሮች ላይ ነው፤ የተወለደበት ዘመን በታወቀ ሰውና ቁመቱ በተለካ ሕፃን። እነዚህ ሁለቱ በሌሉበት አገር የሳይንሱ ጥቅም ለታመመው ልጅ ሊደርሰው አይችልም።

የውጭ አገር ሥራዎችን በሚመለከት የምንጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆኑ፣ የአገራችንን በሚመለከት «ዓ.ም.» የተባሉት በኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ያለ ጊዜው የሚያረጀው ሕፃን

በ1886 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆናታን ሃቺንሰን ፀጉር የሌለውና ቆዳው እንደ ሽማግሌ የተሸበሸበ ልጅ ማየቱን ጻፈ። ሄስቲንግስ ጊልፎርድ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህንኑ ሁኔታ አጥንቶ በ1904 «ፕሮጄሪያ» የሚል ስም አወጣለት፤ ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን ያለ ጊዜ ማርጀት ማለት ነው።

ፕሮጄሪያ ያለበት ሕፃን ሲወለድ ጤነኛ ይመስላል። ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ ግን እድገቱ ይዘገያል፤ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ይጠፋል፤ መገጣጠሚያዎቹ ይደርቃሉ፤ የደም ሥሮቹም ይጠነክራሉ። አእምሮው ግን እንደ እኩዮቹ ነው፤ ይማራል፣ ይጫወታል፣ የሚደርስበትንም ያውቃል። መድኃኒት ካላገኘ በአማካይ በ14 ዓመት ተኩል ገደማ በልብ ድካም ወይም በአንጎል የደም ሥር በሽታ ይሞታል።

የበሽታው ምክንያት የታወቀው በ2003 ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ የዘር ትእዛዝ የተጻፈበት አስኳል አለ። ይህን አስኳል ከውስጥ ደግፎ የሚይዘው ላሚን ኤ የተባለ ፕሮቴይን ሲሆን፣ ሥራው የጭቃ ቤት ማገር ግድግዳውን እንደሚይዘው ያለ ነው። በፕሮጄሪያ ሕመምተኞች ላይ ይህን ፕሮቴይን ከሚያዘው ጂን አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣ ተገኘች። የሰው የዘር ትእዛዝ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት እንዳሉት ስናስብ፣ የአንዲት ፊደል ስሕተት ሕፃንን ሽማግሌ ማድረጓ የሚያስደንቅ ነው። ከስሕተቱ የሚወጣው ፕሮጄሪን የተባለ ጐደሎ ፕሮቴይን ከአስኳሉ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ማገሩ የጠመመበት ግድግዳ እንደሚያብጥ ሁሉ አስኳሉም ቅርጹን ያጣል።

ይህ ከታወቀ በኋላ ፕሮጄሪን እንዲጣበቅ የሚያደርገውን የቅባት ጅራት የሚከለክል መድኃኒት ተፈለገ። ሎናፋርኒብ የተባለው መድኃኒት መጀመሪያ የታሰበው ለካንሰር ነበር። ለፕሮጄሪያ ተሞክሮ የሕፃናቱን ዕድሜ በአማካይ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ እንደሚያስረዝም ስለታየ፣ በኅዳር 2020 በአሜሪካ መንግሥት ተፈቀደ። ሁለት ዓመት ተኩል ለአዛውንት ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ዕድሜው በ14 ለሚያበቃ ልጅ ግን ትልቅ ዘመን ነው።

ነገሩን ከጠቅላላው እርጅና ጋር የሚያገናኘው በ2006 የታተመ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ጤነኛ ሰዎች ሴል ውስጥም ጥቂት ፕሮጄሪን እንደሚሠራ ታየ። በሕፃኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው በእኛም ላይ በትንሹ ተጽፏል ማለት ነው። ሆኖም ፕሮጄሪያ የእርጅና ሙሉ ሥዕል አይደለም። እነዚህ ሕፃናት የአዛውንት የደም ሥር ቢኖራቸውም የአዛውንት መርሳት አይታይባቸውም። ከዚህ የምንረዳው በሰውነት ውስጥ ዕድሜን የሚቈጥር አንድ ሰዓት ብቻ እንደሌለ ነው።

ጐልማሳው ሽማግሌ

በ1904 ኦቶ ቨርነር የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ ለዶክተርነት ባቀረበው ጽሑፍ ስለ አራት ወንድማማችና እኅትማማች ጻፈ። በእርሱ ስም የተጠራው በሽታ የሚጀምረው ከሕፃንነት በኋላ ነው። ልጁ እስከ ጉርምስና እንደ ሌላው ያድጋል፤ በጉርምስና ጊዜ የሚጠበቀው የቁመት መመዘዝ ግን አይመጣም። በሃያዎቹ ዕድሜ ፀጉሩ ይሸብታል፤ በሠላሳዎቹ ዐይኑን ሞራ ይጋርደዋል፤ የስኳር በሽታና የአጥንት መሳሳት ይከተላሉ፤ ካንሰርም ይበዛል።

ምክንያቱ የታወቀው በ1996 ነው። የተበላሸው ጂን የሚያዘው ፕሮቴይን፣ የዘር ትእዛዝ የተጻፈበትን ድርብ ክር እየፈታ የሚያስጠግን ነው። በፕሮጄሪያ የሚበላሸው የአስኳሉ ማገር ሲሆን፣ በቨርነር በሽታ የሚጠፋው ጠጋኙ ነው። ልብስ በመለበሱ ብቻ ሳይሆን የሚጥፈው በማጣቱም እንደሚያልቅ ሁሉ፣ ሰውነትም የሚያረጀው በሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን በጥገና ጉድለትም ጭምር ነው።

ያላደገው ልጅና ረጅም ዕድሜ ያገኘችው አይጥ

ሦስተኛው ሁኔታ ከሁለቱ ተቃራኒ ነው። በ1966 ዝቪ ላሮን የተባሉ የእስራኤል የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እጅግ አጭር ስለሆኑ ሕፃናት ጻፉ። በሕፃናቱ ደም ውስጥ የእድገት ሆርሞን አላነሰም፤ እንዲያውም በዝቶ ተገኘ። ጉድለቱ ሆርሞኑን በሚቀበለው የሴል በር ላይ ነበር። በጤነኛ ልጅ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ የእድገት ሆርሞንን ወደ ጉበት ትልካለች፤ ጉበትም በበኩሉ አይጂኤፍ-1 የተባለ ሌላ ሆርሞን ይሠራል፤ አጥንትን በይበልጥ የሚያሳድገው ይህ ሁለተኛው ነው። በላሮን ሁኔታ መልእክተኛው ደጃፍ ደርሶ የሚከፍትለት ያጣል።

በደቡብ ኢኳዶር ተራራማ መንደሮች ይህ ሁኔታ ያለባቸው መቶ ያህል ሰዎች ይኖራሉ። ኢኳዶራዊው ሐኪም ሃይሜ ጌቫራ አጊሬ ለብዙ ዘመን ሲከታተሏቸው ቈይተው፣ ከቫልተር ሎንጎ ጋር የ22 ዓመት ውጤት በ2011 አሳተሙ። ከአጫጭሮቹ መካከል በስኳር በሽታ የተያዘ አልተገኘም፤ ካንሰርም በአንድ ሰው ብቻ ታይቶ ለሞት አላደረሰም። ቁመታቸው ደንበኛ በሆነ ዘመዶቻቸው ግን የስኳር በሽታ 5 ከመቶ፣ ካንሰር 17 ከመቶ ነበር።

ይህ ውጤት በእንስሳት ላይ ከታየው ጋር ይስማማል። በ1993 ሲንቲያ ኬንየን በአንዲት ጥቃቅን ትል ላይ የዚሁ ዐይነት መልእክት የሚቀበል ጂን ሲደክም ዕድሜዋ በእጥፍ እንደሚረዝም አሳየች። በ1996 የእድገት ሆርሞን የማይሠሩ አጫጭር አይጦች ከእኩዮቻቸው በግማሽና ከዚያም በላይ እንደሚኖሩ ተገለጸ። የሆርሞኑ መቀበያ የጠፋባት አንዲት የላቦራቶሪ አይጥ ደግሞ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ሞተች፤ ተራ አይጥ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው የምትኖረው። በዚህም ምክንያት በ2003 ሽልማት ተሰጠ፤ የሽልማቱም ስም 969 ዓመት ኖረ በሚባለው በማቱሳላ የተሰየመ ነው።

ስለዚህ እድገትና ጥገና ከአንድ ጐተራ የሚሰፈሩ ይመስላል፤ ለአንዱ ሲበዛ ለሌላው ያንሳል። ይህን ስናውቅ የገበያ ሰዎች የሠሩትን ነገር በትዝብት እናያለን። በ1990 በአሜሪካ ለ12 አዛውንት የእድገት ሆርሞን ለስድስት ወር ተሰጥቶ ሥጋቸው እንደጠነከረና ስባቸው እንደቀነሰ ተጻፈ። ጥናቱ ዕድሜ ይረዝማል አላለም፤ ነጋዴዎች ግን ሆርሞኑን የወጣትነት መድኃኒት ብለው በብዙ ገንዘብ ሸጡት። የአይጦቹ ምስክርነት ተቃራኒውን ነው የሚናገረው።

ቢሆንም አጭርነት በረከት ነው ማለት አይደለም። የኢኳዶሮቹ ሰዎች ከካንሰር ቢድኑም፣ በሌላ ሕመምና በአደጋ ስለሚሞቱ ከዘመዶቻቸው የበለጠ ዕድሜ አላገኙም። የሳይንስ ሊቃውንት የሚደነቁበት ሰውነት ለባለቤቱ በየቀኑ የሚሸከመው ችግር መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሰባት ቤት መቍጠርና የሐሜት ጉዳይ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የላሮንና የቨርነር ሁኔታዎች የሚወለዱት አባትም እናትም የተበላሸውን ጂን ሳይታወቃቸው ይዘው ሲገኙ ነው፤ እነርሱ ጤነኞች ሲሆኑ፣ ከሚወልዷቸው ልጆች እያንዳንዱ ከአራት አንድ ዕድል ይደርሰዋል። ሁለቱ ወላጆች ዘመዳሞች ሲሆኑ አንዱን ስሕተት ከአንድ አያት የመውረሳቸው ነገር ይበዛል። በኢኳዶር መንደሮች የሆነውም ይኸው ነው፤ ጥቂት ቤተ ሰቦች በተራራ ተከበው ለብዙ ትውልድ እርስ በርሳቸው ተጋብተዋል።

በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ምንጅላት እያሉ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቈጥራሉ። ልማዱን በሒሳብ ብንመረምረው ትርጉሙ ጐልቶ ይታያል። የወንድማማች ልጆች ከዘር ትእዛዛቸው ከስምንት አንዱን ይጋራሉ። በሰባተኛው ቤት የሚገናኙ ሰዎች ግን የሚጋሩት ከ8,000 አንድ እንኳ አይሞላም። አባቶች ጂን የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ሥራውን ደርሰውበታል ለማለት ባንደፍርም፣ ልማዱ ከእነዚህ በሽታዎች የሚጠብቅ አጥር መሆኑ አያጠራጥርም።

ይሁን እንጂ ይኸው ዘር የመቍጠር ልማድ ሌላ ጠባይም አለው። በአንድ ቤት ያላደገ ልጅ ሲታይ «በዘራቸው አለ» ይባላል፤ እኅቶቹም ባል እንዳያጡ ሲባል ልጁ ከሰው ዐይን ይሰወራል። እዚህ ላይ ሳይንሱ የሚለውን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ፕሮጄሪያ እንደ ደንቡ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ ልጁ በሚፀነስበት ጊዜ በአዲስ የሚፈጠር የአንዲት ፊደል ስሕተት ነው። አባትም እናትም ምንም አልበደሉም፤ እኅትና ወንድሞቹም ጤነኞች ናቸው።

በሽታው እጅግ ጥቂት ስለሆነ እኛን አይመለከትም ይባል ይሆናል። ፕሮጄሪያ ከ4 ሚሊዮን ልደት በአንዱ ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። በኢትዮጵያ በየዓመቱ የሚወለዱት ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። እንግዲህ በሒሳቡ መሠረት በአገራችን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ እንዲህ ያለ አንድ ሕፃን ይወለዳል ማለት ነው። ይህ ሕፃን በአንዱ ቤት አለ፤ ሐኪም ዘንድ መድረሱ ግን የሚመዘግበውና የሚለካው ሰው በማግኘቱ ላይ የቆመ ነው።

የዕድሜ አቈጣጠር በቀወት

በቀወት ባላገር ዘንድ ዕድሜ የሚታወቀው በታሪክ ነው። የቀደሙት ሰዎች በሰገሌ ጦርነት በ1909 ዓ.ም. እና በጣሊያን መግባት በ1928 ዓ.ም. ይቈጥሩ ነበር፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ በስድሳ ስድስቱ አብዮትና በሰባ ሰባቱ ድርቅ ይቈጥራሉ። የሚያስደንቀው፣ እናት ልጇ የተወለደበትን ቀን ብዙ ጊዜ አትረሳም፤ የሚካኤል ዕለት ወይም የማርያም ዕለት መሆኑን ትናገራለች፤ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና መነሣታቸውንም ታስታውሳለች። የሚጠፋው ዓመቱ ነው። ለበዓሉና ለማኅበሩ ቀኑ ይበቃልና ዓመቱን የሚጠይቅ አልነበረም።

ይህ ጉድለት የቀወት ብቻ አይደለም። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት የሕዝብ ቈጠራዎች በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች ከሌሎቹ ይልቅ በዝተው ተገኝተዋል፤ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላው ሰው ይበዛል፣ ሠላሳ አንድና አርባ አንድ የሞላው ያንሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ድንጋጌው በራሱ በሕጉ እንዲዘገይ ተደርጎ ሳይሠራበት ቈየ። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቍጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው ተመዝግቦ የተገኘው ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 3 ከመቶው ብቻ ናቸው።

መዝገብ በሌለበት የረጅም ዕድሜ ወሬ ይበዛል። በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ የኦሮሚያ አዛውንት 160 ዓመት ሞላኝ ማለታቸው በዓለም ጋዜጦች ተወርቶ ነበር፤ የሚያረጋግጥ ሰነድ ግን አልቀረበም። በሰነድ ተደግፎ የታወቀው ከሁሉ የረዘመ ዕድሜ በ1997 የሞቱት የፈረንሳዊቷ የዣን ካልማን 122 ዓመት ነው። ይህን የምንለው አዛውንቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። በአሜሪካም ቢሆን በየክፍለ አገሩ የልደት ምዝገባ ሲጀመር፣ ከ110 ዓመት በላይ ኖሩ የሚባሉት ሰዎች ቍጥር በእጅጉ መቀነሱ በ2019 በወጣ ጽሑፍ ተመልክቷል። ስለሆነም እርጅናን አዘገየሁ የሚል ማንኛውም ሊቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን የታመነ መዝገብ ነው።

ያልተለካው ቁመት

የዓመቱ መጥፋት ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው አዛውንቱን ሳይሆን ሕፃኑን ነው። እድገት የሚባለው ቁመት በዕድሜ ሲመዘን ነው፤ ዕድሜው ያልታወቀ ልጅ አጭር ይሁን ገና ትንሽ ይሁን አይለይም። ሐኪም የእጁን አጥንት በራጅ አንሥቶ የአጥንቱን ዕድሜ ሊያነብ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ንባብ ትርጉም የሚያገኘው ከእውነተኛው ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ነው። ልጁ 9 ዓመቱ ነው ወይስ 13? እናትየው «የሚካኤል ዕለት» ብትል ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ጥያቄው የጊዜ ጉዳይ ስላለበት ከባድ ነው። የእድገት ሆርሞን ለጐደለው ልጅ ሆርሞኑ፣ የላሮን ሁኔታ ላለበትም አይጂኤፍ-1 ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ የሚጠቅመው ግን የአጥንቱ ጫፎች ሳይዘጉ ነው። ከጉርምስና በኋላ ቢመጣ ቁመቱን የሚመልስ መድኃኒት የለም።

እርግጥ በወረዳችን አጭር ሆነው የሚታዩት ሕፃናት ብዙዎቹ የዘር በሽታ ያለባቸው አይደሉም። ከላይ በጠቀስነው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገራችን ሕፃናት 38 ከመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 ከመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። የዚህ ምክንያቱ የምግብ ማነስ፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥና ሌላም ሕመም ነው። ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት አምርቶ ለገበያ በሚያቀርብ ቆላ ይህ መሆኑ የሚያሳስብ ነው። ነገር ግን መቀንጨር በመብዛቱ ምክንያት ሌላ ጉዳት ይከተላል፤ አጭር ልጅ የተለመደ ስለሚሆን፣ በመካከላቸው ያለው አንዱ ሕመምተኛ አይለይም። ግማሽ ያህሉ በተጐዳበት መንጋ ውስጥ ልዩ በሽታ ያለባትን ጥጃ እረኛው አያያትም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሳንቲ ሜትር የተከፈለ አንድ እንጨት ከግድግዳ ጋር ቢቸነከር፣ መምህሩም የእያንዳንዱን ተማሪ ቁመት በመስከረምና በሰኔ እየለካ ከስሙ አጠገብ ቢጽፍ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ታላቅ የጥናት መዝገብ ይገኛል። ጤነኛ ልጅ ከአራት ዓመቱ እስከ ጉርምስና ዋዜማ በዓመት 5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። በዓመት 4 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ ከተገኘ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ መላክ አለበት። የዚህ ዘዴ ሌላው ጥቅም የተወለደበት ዓመት ለማይታወቅ ልጅም መሥራቱ ነው፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ያደገውን ለማወቅ የልደት ወረቀት አያስፈልግምና። የቀነጨረውም ልጅ ቢሆን በዚሁ ይታያል፤ የሚያስፈልገው ምግብና ሕክምናም ሊታሰብለት ይችላል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተገለጸው፣ ፕሮጄሪያ የሴል አስኳል ሲላላ፣ የቨርነር በሽታ ጥገና ሲጓደል፣ የላሮን ሁኔታም የእድገት መልእክት ሲቋረጥ የሚሆነውን አስተምረዋል። ከሦስቱ አንዱም የሕይወትን ውሃ አላሳየም፤ ሦስቱም ግን እርጅና ልንመረምረው የምንችለው፣ በከፊልም ልናዘገየው የምንችለው የሰውነት ሥራ መሆኑን አረጋግጠዋል። ይህን ዕውቀት የሰጡን ሕፃናት ስማቸው፣ ዕድሜያቸውና ቁመታቸው በአንድ ሐኪም ደብተር ላይ የተጻፈላቸው ናቸው።

በይፋት ቆላ ያለው ሕፃን ገና በማንም ደብተር አልተጻፈም። ስለ ረጅም ዕድሜ የሚደረገው ፍለጋ በታላላቅ ላቦራቶሪዎች ይቀጥላል፤ እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቀያችን ስንመለስ ልንሠራው የምንችለው ሥራ ግን በእጃችን ነው። አንድ የተለካ እንጨት፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ባልደረቦቻችን በየወረዳቸው ቢሞክሩትና ያገኙትን ውጤት በዚሁ መጽሔት ላይ ቢያወጡት፣ መምህራኖቻችንም ቢያርሙን፣ ድካማችን ከንቱ አይሆንም።